ስለ ትራንስ ፋት በስልክ የሚደርሰንን መልእክት እስከ ጥናቱ፣ ከጥናቱም እስከ ጓዳችን መከታተል

በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ አክስቴ ከደሴ ደውላ በዋዜማው የገዛችው ባለ አምስት ሊትር ዘይት «እንደ ሞራ ረግቶ አደረ» ስትል ነገረችኝ። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ማታውኑ የተላከ አንድ መልእክት ደግሞ የሚረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ፋት የተባለው ልብን የሚጎዳ ስብ እንደሆነና ይህንንም «የዓለም ሳይንቲስቶች በጥናት እንዳረጋገጡት» ይገልጽ ስለነበር፣ ዘይቱን ልትደፋው ጀሪካኑን ደጅ አውጥታዋለች። «አብሽሪ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አልኳትና ከዚያው ሱቅ በዚያው ቀን ተመሳሳይ ጀሪካን ለገዛችው፣ ኮምቦልቻ ለምትኖረው ልጇ ደወልን። የላከችልን ፎቶ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ተሻግሮ የወረደው ዘይት ጠርቶ፣ ከጀሪካኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሳይቀር በውስጡ ይታያል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከዚያ ማለዳ በኋላ ነው። ስለ ትራንስ ፋት የሚነገር ነገር ሲደርሰን ወሬውን ከጥናቱ፣ ጥናቱን ደግሞ ከራሳችን ማዕድ ጋር እንዴት እንደምናገናኝ በቅደም ተከተል ያሳያል። ለሥራው ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ይበቃል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግረው ሰው በቤቱ ያለውን የሁለተኛ ደረጃ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገቡ ቢያስቀምጥ ሥራው ይቀልለታል።

ደረጃ 1፦ መልእክቱ ስለ የትኛው ስብ እንደሚናገር መለየት

መልእክቱን ሳያጋሩ በፊት ዋና ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብተር ላይ ይጻፉት፤ ዓረፍተ ነገሩም የትኛው ምግብ፣ በማን ላይ፣ ምን እንዳደረሰ የሚናገር ይሁን። መልእክቱ በዚህ መልክ ሊጻፍ ካልቻለ የሚመረመር ነገር አልያዘምና እዚሁ ላይ ማቆም ይቻላል። የአክስቴ መልእክት ግን በግልጽ ይጻፋል፦ «የሚረጋ ዘይት ትራንስ ፋት ስለሆነ የልብ በሽታ ያመጣል።» እዚህ ውስጥ ሁለት አባባሎች አሉ። ትራንስ ፋት ልብን ይጎዳል የሚለው እውነት ነው፤ የሚረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ፋት ነው የሚለው ግን ስሕተት ነው። እውነቱ ለስሕተቱ መንገድ ስለሚጠርግለት እንዲህ ያለው መልእክት ከተራ ውሸት ይልቅ ቶሎ ይታመናል።

ትራንስ ፋት ወደ ማዕዳችን የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። ዋነኛው መንገድ ፋብሪካ ሲሆን፣ መነሻውም ጀርመናዊው ኬሚስት ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ነው። ፈሳሽ ዘይት በኒኬል አጋዥነት ከሃይድሮጂን ጋር እንዲዋሐድ ሲደረግ ይጠጥራል፤ ውህደቱ እስከ መጨረሻው ሳይሄድ በከፊል ከተቋረጠ ግን በዘይቱ ውስጥ ካሉት የስብ ሞለኪውሎች ብዙዎቹ ቅርጻቸው ተለውጦ ትራንስ የሚባለውን መልክ ይይዛሉ። እንዲህ ያለው ቅባት ቶሎ የማይበላሽ፣ ለኬክና ለብስኩት የሚመች፣ ዋጋውም ከቅቤ የሚረክስ ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ1911 ክሪስኮ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በዓለም ተሰራጨ። ሁለተኛው መንገድ የሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ነው፤ በላምና በበግ ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ጥቂት ትራንስ ፋት ስለሚሠሩ በወተት፣ በቅቤና በሥጋ ውስጥ በመጠኑ ይገኛል።

ደሴ ላይ የረጋው ዘይት ከሁለቱም ወገን አልነበረም። ጀሪካኑ ላይ እንደተጻፈው የፓልም ዘይት ነው፤ የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት (እንደ ቅቤና ሞራ ያለው «የጠገበ» ስብ) ስለሆነ ማንም ሃይድሮጂን ሳይጨምርበት በብርድ ብቻ ይረጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ የታኅሣሥ ሌሊቷ ዘይቱን ያረጋዋል፤ ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ያው ዘይት እንደቀለጠ ያድራል። ስለዚህ መርጋት የትራንስ ፋት መለያ ሊሆን አይችልም፤ ፈሳሽነትም ከትራንስ ፋት ነጻ ለመሆን ዋስትና አይሰጥም። ይህን ስል የፓልም ዘይትን ማሞገሴ እንዳይመስል፦ ሳቹሬትድ ፋት ኤል ዲ ኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከዕለት ኃይል ሰጪ ምግባችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ክሱ ግን ሌላ ክስ ነው፤ ማስረጃውም ለብቻው ሊታይ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ጥናቱን ራሱን መፈለግ

«ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» የሚል መልእክት የአጥኚውን ስም፣ ጥናቱ የታተመበትን ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ስምና ዓመተ ምሕረቱን ካልያዘ እነዚህን ሦስቱን መፈለግ የእርስዎ ሥራ ይሆናል። በመልእክቱ ግርጌ ወይም በስክሪንሾቱ ጠርዝ ላይ በ10 እና በነጥብ የሚጀምር ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ካለ እርሱ ዲ ኦ አይ የሚባለው የጥናቱ መለያ ነውና እንዳለ ገልብጠው መፈለጊያ ላይ ያስገቡት። መለያ ከሌለ ፐብሜድ ወይም ጉግል ስኮላር በተባሉት የጥናት መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ ይፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ተመራማሪዎች በጥናቶቻቸው ርዕስ ላይ በአብዛኛው የሚጠቀሙት «ትራንስ ፋቲ አሲድስ» የሚለውን ስያሜ ስለሆነ፣ በላቲን ፊደል ይህንኑ አሟልቶ የጻፈ ሰው «ትራንስ ፋት» ብቻ ከጻፈው ይልቅ ቁም ነገር ያለው ውጤት ያገኛል።

አብስትራክት የሚባለው አጭር ማጠቃለያ በነጻ ይነበባል፤ ዳታም አይበላም። ሙሉው ጽሑፍ የተቆለፈ ከሆነ ፐብሜድ ሴንትራል ላይ ነጻ ቅጂ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካገኙትም መብራትና ኔትወርክ አብረው ባሉበት ሰዓት ስልክዎ ላይ ያውርዱት፤ ሁለቱ ተገናኝተው የሚቆዩበት ሰዓት እንደማይበዛ ለወሎ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ደረጃ 3፦ የጩኸቱን መጠን ማንበብ

በብዙ ጆርናሎች ገጽ ላይ ከጥናቱ ጎን በመሐሉ ቁጥር የያዘ ባለ ብዙ ቀለም ቀለበት ይታያል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው አልትሜትሪክ የተባለ ድርጅት የሚያወጣው መለኪያ ሲሆን፣ ጥናቱ በኢንተርኔት ምን ያህል እንደተወሳ ያሳያል። ቀዩ ቀለም ዜና፣ ሰማያዊዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ሐምራዊው ደግሞ የመንግሥታትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች የፖሊሲ ሰነዶች ናቸው። መሐል ላይ ያለው ቁጥር እንዲሁ የተደመረ አይደለም፤ አንድ የዜና ዘገባ ከአንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ማጋራት እጅግ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል።

ቀለበቱን ሲያገኙ በቅድሚያ ሐምራዊ መኖሩን ይዩ። ሐምራዊ ካለ ጥናቱ ቢያንስ በአንድ ተቋም ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል ማለት ነው። ቀጥሎ ቀዩን ከፍተው ሦስት ዘገባዎችን ጎን ለጎን ያንብቡ፤ ሦስቱም በተመሳሳይ ቃል የተጻፉ ከሆነ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ መግለጫ ተገልብጠዋልና እንደ ሦስት ምስክር ሊቆጠሩ አይገባም። መለኪያው ጥናቱን ያመሰገነውንም ያብጠለጠለውንም አንድ ላይ እንደሚቆጥር አይርሱ። በዝግ ግሩፖች ውስጥ የሚዞረውን ደግሞ ጨርሶ አያይም፤ በአማርኛ ስለ ዘይት የምንባባለው አብዛኛው ነገር በእንዲህ ያሉ ግሩፖች ውስጥ ስለሆነ አክስቴን ያስደነገጣት ጩኸት በየትኛውም ቀለበት ላይ አልተመዘገበም።

ጩኸትና ክብደት የተለያዩ መሆናቸውን የትራንስ ፋት ጥናት ታሪክ ራሱ ያስረዳል። አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ፍሬድ ኩመሮ ትራንስ ፋት በሰው አካል ውስጥ እንደሚከማች እ.ኤ.አ. በ1957 ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ አሳትመው ነበር፤ ለዐሥርት ዓመታት ሰሚ ባያገኙም በ2009 ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አቤቱታ አስገቡ፣ በ2013 ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ፍርድ ቤት አቆሙት። አስተዳደሩ በ2015 በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረባቸው ዘይቶች ከእንግዲህ ደኅንነታቸው እንደተረጋገጠ ምግብ እንደማይቆጠሩ ሲወስን ኩመሮ መቶ ዓመት አልፏቸው ነበር። የቀለበቱ ቆጠራ የተጀመረው ገና በ2011 ስለሆነ የእርሳቸውን ዘመን ጥናቶች በቀለበቱ ቁጥር መመዘን አባትን በልጁ ጫማ እንደመለካት ነው።

ደረጃ 4፦ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ

ጊዜዎን ሊያጠፉበት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። አብስትራክቱን ይዘው፣ የተጠናው ሰው ነው ወይስ አይጥ፣ ስንት ሰው ነው፣ ለምን ያህል ጊዜ ነው፣ አጥኚዎቹ ምግቡን ራሳቸው አቀረቡ ወይስ ሰዎቹ የበሉትን ጠየቁ የሚሉትን ጥያቄዎች በደብተርዎ ላይ ይመልሱ። ሦስት ጥናቶችን ጎን ለጎን ላሳይ።

የመጀመሪያው የኔዘርላንዶቹ ሮናልድ ሜንሲንክና ማርቲን ካታን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ነው። 34 ሴቶችና 25 ወንዶች እያንዳንዳቸው ሦስት ዓይነት ምግብ በየተራ ለሦስት ሦስት ሳምንት ተመገቡ፤ በምግቦቹ መካከል የነበረው ልዩነት የስቡ ዓይነት ብቻ ነበር። ትራንስ ፋት ሲበሉ ጎጂው ኤል ዲ ኤል ከፍ፣ ጠቃሚው ኤች ዲ ኤል ደግሞ ዝቅ አለ፤ ሳቹሬትድ ፋት ሲበሉ ኤል ዲ ኤል ከፍ ቢልም ኤች ዲ ኤል አልወረደም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ምግቡን አጥኚዎቹ ራሳቸው ስለተቆጣጠሩት ምክንያትና ውጤቱ ግልጽ ነው። የደሴው ዘይት ክስ ከትራንስ ፋት ክስ ተለይቶ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዋልተር ዊሌትና ባልደረቦቻቸው በ1993 ያሳተሙት ሲሆን፣ 85,095 ሴት ነርሶችን ለስምንት ዓመት ተከታትሏል። የሚበሉትን የተናገሩት ራሳቸው ነርሶቹ ስለሆኑ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል፤ ሆኖም የታየው የኮሌስትሮል ለውጥ ብቻ ሳይሆን በእውነተኛ ሰዎች ላይ የደረሰ የልብ በሽታ ነው። ሁለቱ ጥናቶች በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ቦታ መድረሳቸው ከየትኛውም አንድ ጥናት ጩኸት በላይ ያሳምነኛል።

ሦስተኛው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ቤያትሪስ ጎሎም በ2015 ያሳተሙት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በታች የሆኑና ብዙ ትራንስ ፋት የሚበሉ ወንዶች በቃላት የማስታወስ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ማምጣታቸውን ይገልጻል። ለዜና የሚመች ግኝት ነው፤ ትራንስ ፋት ያስረሳል ብሎ ማን አያጋራውም! ነገር ግን አመጋገቡና ፈተናው የተለኩት በአንድ ወቅት ስለሆነ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አይናገርም። በደብተርዎ ላይ «ግንኙነት ታይቷል፤ ምክንያትነቱ አልተረጋገጠም» ብለው ይጻፉና ይለፉት።

ከዚህ ጋር የመቶኛ ቁጥሮችን ማፍታታት ይልመዱ። ዳሪውሽ ሞዛፋሪያንና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባሳተሙት ግምገማ፣ ከዕለቱ ኃይል 2 በመቶው ከትራንስ ፋት ሲመጣ የልብ ደም ሥር በሽታ በ23 በመቶ እንደሚጨምር ተገልጿል። ይህን «ከመቶ ሰው 23ቱ ይታመማል» ብሎ የተረጎመ መልእክት አይቻለሁ፤ ስሕተት ነው። ለምሳሌ ያህል ከአንድ ሺሕ ሰዎች መካከል 100 ሰው ይታመም ነበር ብንል፣ ጭማሪው 100ውን ወደ 123 ያደርሰዋል። ቁጥሩ በዚህ አያንስም፤ ይልቁንም የሚያስደነግጠው መጠኑ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 2 በመቶ ማለት 4.4 ግራም ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት የሚያህል ነው።

ደረጃ 5፦ ርዕሱ የጣለውን ማንሳት

በ2015 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ራስል ዴ ሱዛና ጓደኞቻቸው ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩበትን ጽሑፍ በእንግሊዙ የሕክምና ጆርናል አሳተሙ። ትራንስ ፋት በማናቸውም ምክንያት ከሚደርስ ሞት ጋር በ34 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ ከሚደርስ ሞት ጋር በ28 በመቶ ጭማሪ ተያይዟል፤ በሳቹሬትድ ፋት በኩል ግን ግልጽ ግንኙነት አልታየም። በብዙ ሰው ዘንድ የቀረው ወሬ «ቅቤ አይጎዳም» የሚል ሆነ። እኛም ቅቤ ስለምንወድ የተቀበልነው በደስታ ነበር፤ እኔ ራሴ ሳላነብ ካጋሩት አንዱ ነኝ።

ጽሑፉን ከፍቶ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው። አጥኚዎቹ ስለ ሳቹሬትድ ፋት ያገኙት ማስረጃ እርግጠኛነቱ «በጣም ዝቅተኛ» መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል፤ አልታየም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ማስጠንቀቃቸው ነው። በተጨማሪም ከፋብሪካ የሚመጣው ትራንስ ፋት ከልብ በሽታ ጋር ሲያያዝ ከሚያመሰኩ እንስሳት የሚገኘው አልተያያዘም፤ ይህም የላም ቅቤ በመጠኑ ስለሚበላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ርዕስ ሲያነቡ አብስትራክቱ ላይ ሄደው ርዕሱ ያላነሳውን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልገው በደብተርዎ ይገልብጡ። ብዙውን ጊዜ እርሱ የጥናቱ ውሱንነት የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ነው።

ለጥናቱ ገንዘቡን ማን እንደከፈለ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መልእክቱ በሚሸጥ ዘይት ስልክ ቁጥር የሚያበቃ ከሆነ ግን አንድ ደቂቃውም አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ ወደ ጓዳ መግባት

የዓለም ጤና ድርጅት ትራንስ ፋት ከዕለቱ ኃይል 1 በመቶ እንዳይደርስ ይመክራል፤ በ2,000 ካሎሪ ከ2.2 ግራም በታች መሆኑ ነው። ለአገሮች የሚመክረውም በማንኛውም ምግብ ውስጥ ከ100 ግራም ስብ ከፋብሪካ የሚመጣው ትራንስ ፋት ከ2 ግራም እንዳይበልጥ መወሰን ወይም በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበትን ዘይት ጨርሶ ማገድ ነው። የ2 ግራሙን ወሰን በ2003 በሕግ የጀመረችው ዴንማርክ ናት።

እቤት ውስጥ ይህን የምናገኘው ከመጠቅለያ ላይ ነው። ማርጋሪን፣ የዱቄት ክሬመር፣ ባለ ክሬም ብስኩትና ዋፈር፣ የታሸገ ኬክ፤ እነዚህን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የተሠሩበትን ዝርዝር ያንብቡ። በላቲን ፊደል «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» (በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት) ተብሎ የሚነበብ ካለ የሚፈለገው እርሱ ነው። ከዓረብ አገር በተመላሽ ሻንጣ ወይም በነጋዴ በመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ በዓረብኛ «ሙሀድረጃ ጁዝኢየን» የሚለውን ይፈልጉ፤ ወሎ ውስጥ መድረሳ የተቀመጠ ሰው የማይገኝበት ሰፈር ስለሌለ ይህ ችግር አይሆንም። ሳዑዲ ዓረቢያ ትራንስ ፋትን በማስወገድ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የዕውቅና ወረቀት ካገኙት አምስት አገሮች አንዷ ናት፤ ነገር ግን በባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ ተመርቷል ማለት ስላልሆነ የተመረተበትን አገርና ቀን አብረው ይዩ።

«0 ግራም ትራንስ ፋት» የሚለው ጽሑፍ ሁልጊዜ ዜሮ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ በአንድ ጊዜ መመገቢያ ከ0.5 ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ አራት ብስኩት አንድ መመገቢያ ተብሎ ፓኬቱን የጨረሰ ልጅ ዜሮውን አልበላም። «ፉሊ ሃይድሮጂኔትድ» የሚለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተዋሐደ በመሆኑ ትራንስ ፋቱ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ሳቹሬትድ ፋቱ ግን ከፍተኛ ነው። አንድ ዳቦ ቤት ለኬክ የሚጠቀሙበትን ቅባት ካርቶን እንዲያሳዩኝ ጠይቄ ነበርና «ሃይድሮጂኔትድ» የሚል ብቻ አገኘሁ፤ በከፊል ይሁን በሙሉ አይናገርም። እንዲህ ሲሆን በሥነ ምግብ ሰንጠረዡ ላይ የትራንስ ፋት መስመር መኖሩን ይዩ፤ ሰንጠረዡም ዝም ካለ የተጠረጠረ ብለው ይመዝግቡት።

ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚጠበስበት ዘይት ሲመላለስ ትራንስ ፋቱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ሌሎች ጎጂ ነገሮች ስለሚፈጠሩበት ግን ከጠቆረና አረፋ ካበዛ በረመዳን አፍጥር ጥድፊያም ቢሆን መቀየር አለበት። ለወጥ የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት የሚያገኝ ሰው «ያልጠገበ» የሚባለው ስብ (የሳቹሬትድ ተቃራኒ) ስለሚበዛባቸው ይምረጣቸው፤ ቅቤውን ለዓመት በዓልና ለእንግዳ ቢያቆየው ቅር አይለኝም።

ደረጃ 7፦ ለግሩፑ መመለስ

መልሱ አጭርና ያለ ስድብ ይሁን፤ መልእክቱን ያመጣው ሰው ያመጣው ተጨንቆልን ነው። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። ትራንስ ፋት ልብን መጉዳቱ በብዙ ጥናት የታየ ነው። ደሴ ላይ የረጋው ግን የፓልም ዘይት ነው፤ የረጋው በብርድ ነው። ትራንስ ፋት በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ቅባት ውስጥ ስለሆነ የብስኩትና የማርጋሪን መጠቅለያ እንይ።» የጥናቱን ሊንክ ከሥር አያይዣለሁ፤ ከፍቶ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አክስቴ ግን መልሱን አንብባ ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ረፋዱ ላይ ቀልጦ ጠራ። ከዚያ ቁም ሳጥኗን ከፍታ ጎረቤቷ ከውጭ ስትመለስ ያመጣችላትን የክሬመር ቆርቆሮ አወጣችና፣ ባሏ መነጽሩን አድርጎ የዓረብኛውን መስመር ፊደል በፊደል ሲያነብ በስልክ አሰማችኝ። «ሙ… ሀድ… ረጃ…» ካለ በኋላ ትንሽ ዝም ብሎ «ይኸው ጁዝኢየን ይላል» አለ። ቆርቆሮው ግማሹ ተበልቶ ነበር።